ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የጭነት ሒሳብ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ መንገደኛ፣ በበቅሎ ዘመንም ሆነ በባቡርና በመኪና ዘመን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቃሊቲንና አቃቂን ሳያቋርጥ አላለፈም። አካባቢው የዋና ከተማይቱ በር ነው። የሀገር ውስጥ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር የወረደው፣ የውጭ ሀገር ጨርቅና ብረት ወደ መኻል ሀገር የወጣው በአመዛኙ በዚሁ በር በኩል ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አቃቂን አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የሃያ ዓመት ድካም ፍጻሜ አገኘ። በዚያው ዘመን ከመንግሥት ሹማምንት መካከል ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ያህል የሆነ አንድ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው የሐዲዱን መድረስ ብቻ ተመልክተው አልተደሰቱም፤ በሐዲዱ ላይ ምን ተጭኖ እንደሚወርድ፣ ምን ተጭኖ እንደሚመለስ፣ ከሁለቱም ጭነት የሚገኘው ትርፍ በማን እጅ እንደሚቀር ይመረምሩ ነበር። ስማቸው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው።

ስለ መንገድና ስለ ማመላለሻ ሥራ መስፋፋት ያሳሰቡ የኢትዮጵያ መሪዎችና ሊቃውንት ብዙ ናቸው። መንገድ ይሠራ ብሎ መጠየቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ የተሠራው መንገድ ሀገርን እንዲጠቅም ምን መሟላት እንዳለበት መመርመር ሌላ ነገር ነው። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሕይወትና ሥራ በመንገድ፣ በትራንስፖርትና በንግድ ሙያ ላይ ለተሠማሩ ሁሉ ትምህርት የሚሆነው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ስላነሡ ነው።

ልደትና አስተዳደግ

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዓድዋ አጠገብ፣ ማይ ምሻም በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ነበሩ። በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ንጉሠ ነገሥቱ ሲወድቁ፣ አባታቸውም በዚያው ዘመቻ እንደ ሞቱ ይነገራል። ሕፃኑ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ በሀገሪቱ ታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራው ነው። የከብት ዕልቂት፣ የአንበጣና የድርቅ መቅሠፍት ተከታትለው ወረዱ። ከሁሉ ይልቅ የተጐዳው ሰሜኑ ክፍል ነበር፤ የጦር ሠራዊት ተደጋግሞ ያለፈበት ሀገር ነበርና። በዚህ ረኀብ ከታየው ነገር አንዱ፣ በአንድ አውራጃ እህል እያለ በሌላው አውራጃ ሰው ማለቁ ነው። የእርሻ በሬና የጭነት ከብት በአንድነት ስላለቁ፣ ምርቱ ያለበት ሰው ምርቱ ወደሌለበት የሚያደርስበት መንገድም ሆነ ማመላለሻ አልነበረውም። ገብረ ሕይወት በኋላ ስለ መንገድና ስለ ንግድ ሲጽፉ፣ ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩትን ሳይሆን የተወለዱበትን ዘመን ጭምር ይዘው እንደ ጻፉ መገመት ይቻላል።

ወላጅ አልባው ልጅ በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተጠግቶ ጥቂት ጊዜ ተማረ። ከዚያም ከጓደኞቹ ጋር በምጽዋ ወደብ የቆመች መርከብ ሊጐበኝ ገብቶ፣ ተደብቆ በዚያው እንደ ቀረና መርከቢቱ ይዛው ባሕር እንደ ተሻገረች ይተረካል። የመርከቢቱ አዛዥ ለአንድ የኦስትርያ ባለጸጋ ቤተ ሰብ አስረከበው፤ እነርሱም እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ተናገረ፤ ትምህርቱንም ቀጥሎ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠና።

በአውሮፓ ያሳለፉት ጊዜ በገብረ ሕይወት አሳብ ላይ ጽኑ ምልክት ጥሏል። ጀርመን በዚያን ጊዜ አንድ መንግሥት ከሆነች ሠላሳ ዓመት ብዙም ያላለፋት ሀገር ነበረች። ከዚያ በፊት የየግዛቱ መሳፍንት በየድንበራቸው ቀረጥ እየጣሉ ንግድን ያሰናክሉ ነበር። የቀረጥ በሮቹ ተነሥተው፣ ግዛቶቹ በምድር ባቡር ተሳስረው፣ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ተስፋፍቶ ሀገሪቱ በአጭር ጊዜ ኃያል ሆነች። ገብረ ሕይወት ይህን ዐይተው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።

የጊዜው መንገድ

ሲመለሱ ያገኙት ኢትዮጵያ በዐፄ ምኒልክ መሪነት የአዲስ ዘመን ሥራ የተጀመረባት ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ለመንገድና ለማመላለሻ ሥራ የነበራቸው ፍላጎት የታወቀ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ውል ፈቅደው ነበር። ውሉ የ99 ዓመት ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘብ አለቀ፤ የፈረንሳይና የእንግሊዝ መንግሥታትም በባቡሩ ላይ ማን ይግዛ በሚለው ተከራከሩ፤ ዐፄ ምኒልክም ባቡሩ የንግድ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የሌላ መንግሥት መግቢያ እንዳይሆን ሠጉ። ሐዲዱ ለብዙ ዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ሥራው እንደገና የተነሣው በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተደርጎ፣ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ከተቋቋመ በኋላ ነበር።

በዚህ መካከል ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ ይጓጓዝ ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የሲራራ ጉዞ ስድስት ሳምንት ያህል ይወስድ ነበር። በክረምት ወንዞች ሲሞሉ ነጋዴው ከነጭነቱ ወንዝ ዳር ይሰፍራል። ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሲያልፍ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ አንዱ ሹም ያስከፈለውን ሌላው ሹም እንደገና ያስከፍለዋል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ቡና ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ስንት ጊዜ ጭነቱን አውርዶ እንደሚያስቈጥር አስቀድሞ ማወቅ አይችልም ነበር። በዚህ ምክንያት የሚጓጓዘው ዕቃ ክብደቱ ትንሽ ዋጋው ብዙ የሆነ ብቻ ሆነ፤ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ቡናና ቆዳ። ገበሬው የሚያመርተው እህል ግን ከአካባቢው ገበያ ማለፍ አልቻለም፤ የማጓጓዣው ኪራይ የእህሉን ዋጋ ይበላው ነበርና።

ገብረ ሕይወት በዚህ ዘመን በቤተ መንግሥት ገብተው የዐፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ። የዲፕሎማቶችን ንግግር፣ የኩባንያዎችን ጥያቄ፣ የውል ረቂቆችን በቅርብ የማየት ዕድል ያገኙት በዚህ ሥራቸው ነው። በወረቀት ላይ የሚጻፈውና በመሬት ላይ የሚፈጸመው ምን ያህል እንደሚራራቅ የተማሩትም እዚያው ነበር።

ስደትና ምክር

የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም እየጸና ሲሄድ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሥልጣን ሽኩቻ ተነሣ። ገብረ ሕይወትም ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ጋር ባለመስማማታቸው በ1901 ዓ.ም. ገደማ ሀገር ለቀው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር እንዴት እንደሚሠራ፣ ካርቱምን ከሰሜኑ ሀገርና ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኘው የምድር ባቡር ለንግድ ምን እንዳደረገ ለመመልከት ቻሉ።

ከስደት በኋላ የጻፉት የመጀመሪያ ሥራቸው ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ነው። በ1904 ዓ.ም. ግድም በአሥመራ በታተመው ብርሃን ይሁን በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ጽሑፉ ያለፉትን ነገሥታት ሥራ በድፍረት ይመረምራል፤ ከዚያም ለአዲሱ አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ ምክር ያቀርባል። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር ሕዝቡ በሚችለው ልክ ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ ደመወዝ የሚከፈለው መደበኛ ጦር እንዲቋቋም፣ ገንዘቡ አንድ ወጥ እንዲሆን፣ ሕግ ተጽፎ እንዲታወጅ፣ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ፣ ለሰው ሁሉ የሃይማኖት ነጻነት እንዲሰጥ አሳሰቡ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የመንገድ ነገር ብዙ ቦታ ባይይዝም፣ ምክሩ ሁሉ ወደ መንገድ የሚያደርስ ነው። ወታደሩ ደመወዝ ካልተከፈለው በሄደበት የገበሬውን ጎተራ ይበላል፤ ወታደር የሚያልፍበት መንገድም ለገበሬው የጥፋት በር ይሆንበታል። ግብሩ በማርና በእህል የሚከፈል ከሆነ ገበሬው ወደ ገበያ የሚወስደው ትርፍ አይኖረውም፤ ገበያ የሌለው ሀገር ደግሞ መንገድ ቢሠራለት የሚጭነው አያገኝም። ስለዚህ ገብረ ሕይወት መንገድን የፈለጉት ከአስተዳደር ሥርዓት ጋር አብሮ የሚሠራ አድርገው ነበር።

በሹመት ላይ

ከስደት ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ላይ ከገቡ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን የአዲስ አበባና የጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ሆኑ። ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ሹመቱ ቀረጥ መሰብሰብንና የንግድ ክርክር መዳኘትን ያጠቃልል ነበር። ድሬዳዋ ደግሞ ተራ ኬላ አልነበረችም። ሐዲዱ ለረጅም ጊዜ ቆሞባት ስለ ነበር፣ ከመንደርነት ወደ ከተማነት ያደገችው በባቡሩ ምክንያት ነው። የባቡሩ ጥገና ቤት፣ የጉምሩኩ መጋዘን፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድና የዐረብ ነጋዴዎች ሱቅ እዚያ ነበር።

የነጋድራሱ ወንበር የሀገሪቱ የገቢና የወጪ ሒሳብ የሚታይበት ስፍራ ነበር። ወደ ባሕር የሚወርደው ፉርጎ ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይሄዳል፤ እነዚህ ሁሉ እንደ ተፈጥሯቸው ያለ ተጨማሪ ሥራ የተላኩ ናቸው። ከባሕር የሚመጣው ፉርጎ አቡጀዲድ፣ ብረታ ብረት፣ መሣሪያና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ነጋዴዎቹ በብዛት የውጭ ሀገር ሰዎች ናቸው፤ ኩባንያው የፈረንሳዮች ነው፤ መሐንዲሱም መካኒኩም ከውጭ የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ገበሬውና ተሸካሚው፣ የሐዲድ ቆፋሪውና የጥበቃ ሠራተኛው ነበር። ገብረ ሕይወት ይህን ከሩቅ በወሬ አልሰሙትም፤ በየዕለቱ ቀረጡን ሲያስቈጥሩ በዐይናቸው ያዩት ነው።

የአዲስ አበባው ጉዞ በመጨረሻ ሲከፈት፣ በስድስት ሳምንት ያልቅ የነበረው መንገድ በሦስት ቀን አለቀ፤ ባቡሩ ሌሊት ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ሐዲድ ከአዋሽ ወጥቶ በመተሐራ፣ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም አልፎ አቃቂን ይነካና ወደ ከተማይቱ ይወጣል። ለሀገሪቱ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ትልቅ የማመላለሻ ሥራ አልተሠራላትም ነበር። የነጋድራሱ ጥያቄም ከዚህ ተነሣ፤ ማመላለሻው ይህን ያህል ከፈጠነ፣ ሀገሪቱ ይህን ያህል ለምን አልበለጸገችም?

መንገድና ዕውቀት

መልሱን የጻፉት መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ስለ ኢኮኖሚ በተደራጀ መልክ ከተጻፉት ሥራዎች የመጀመሪያው ተብሎ ይቈጠራል። አካሄዱ እንዲህ ነው። የሀብት ምንጭ የሰው ሥራ ነው፤ ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ጊዜ ብዙ ይሠራል፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ጊዜ ጥቂት ይሠራል። ሁለቱ ሲገበያዩ፣ ላይ ላዩን ሲታይ ዕቃ በዕቃ፣ ገንዘብ በገንዘብ ተተካ። ውስጡ ሲመረመር ግን ያልሠለጠነው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሠለጠነውን ሕዝብ የጥቂት ሰዓት ሥራ ተቀበለ። ንግዱ በተደጋገመ ቍጥር አንደኛው እየከበረ ሌላው እየደኸየ ይሄዳል።

ይህ ትምህርት ለመንገድ ሙያ ከባድ ፍርድ የያዘ ነው። መንገድ ልውውጥን ያፋጥናል። ልውውጡ የተዛባ ከሆነ መንገዱ የሚያፋጥነው መዛባቱን ነው። ዕውቀት በሌለበት ሀገር ምድር ባቡር ብቻውን ቢዘረጋ፣ ጥሬ ዕቃው ፈጥኖ ይወጣል፤ የፋብሪካ ዕቃው ፈጥኖ ይገባል፤ የሀገሬው ሸማኔ፣ አንጥረኛና ቆዳ ፋቂም ገበያውን ያጣል። የባቡሩ ጥቅም ዕውቀትና ገንዘብ ይዞ ለተሳፈረው ይሆናል። ገብረ ሕይወት ስለዚህ ምድር ባቡር ይቅር አላሉም። እንዲህ ያለ ሰው ሐዲድ ተቆጣጣሪ ሆኖ የሐዲድ ጠላት ሊሆን አይችልም። ያሉት፣ ከሐዲዱ ጋር ትምህርት ቤትና የእጅ ሥራ ካልተዘረጋ ሐዲዱ የሚያገለግለው ሌላውን ነው ማለት ነው። ምሳሌያቸውም ጃፓን ነበረች፤ ከውጭ የመጣውን ሥራ ሁሉ ራሷ ተምራ፣ የገዛችውን መሣሪያ ራሷ መሥራት የጀመረች ሀገር ስለ ነበረች።

ከዚህ ጋር የውስጡን መሰናክል አልዘነጉም። በየአውራጃው የተተከለው ኬላ፣ በየገበያው የሚለያየው መስፈሪያና ሚዛን፣ ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው እየተቀላቀለ የሚሠራበት የገንዘብ አያያዝ፣ የሹማምንት በፈለጉት ልክ ማስከፈል፣ እነዚህ ሁሉ መንገድ እያለ መንገድ እንደሌለ የሚያደርጉ ናቸው። አንድ ሐዲድ ከባሕር እስከ ዋና ከተማ ተዘርግቶ፣ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ ግን ምርቱን ጣቢያ ድረስ የሚያደርስበት ጥርጊያ ከሌለው፣ ሐዲዱ ለገበሬው የሩቅ ፉጨት ብቻ ይሆናል። ዛሬ መጋቢ መንገድ ተብሎ የሚጠራው ሥራ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ አስተሳሰብ በቀላሉ ይከተላል።

በትምህርቱ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ሐዲዱ ባይመጣ ኖሮ ዕውቀቱስ በምን ይመጣ ነበር? መጻሕፍቱ፣ የማተሚያ መኪናዎቹ፣ መምህራኑና ሐኪሞቹ የገቡት በዚያው ባቡር ነው። የገብረ ሕይወት መጽሐፍ ራሱ የታተመበት ወረቀት ከባሕር ማዶ መምጣቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ይህ ተቃውሞ የእርሳቸውን አሳብ አያፈርሰውም፤ ያጠናክረዋል እንጂ። ባቡሩ ዕውቀትንም ሸቀጥንም ሊጭን ይችላልና፣ የትኛው ቅድሚያ እንዲያገኝ የሚወስነው የሀገሪቱ መንግሥትና የሙያ ሰዎቿ ናቸው።

ዕረፍትና የመጽሐፉ ዕጣ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በተወለዱ በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። በሕይወት ሳሉ ያልታተመው መጽሐፋቸው በ1916 ዓ.ም. በጳውሎስ መናመኖ አዘጋጅነት በአዲስ አበባ ታተመ። ጸሐፊው ሲሞቱ ገና ወጣት ስለ ነበሩ፣ አሳባቸውን በሥራ የሚፈትኑበት ሰፊ ጊዜ አላገኙም። የነጋድራስነት ሹመታቸውም ቢሆን ጥቂት ዓመታት ብቻ የቆየ ነው።

በዓለም ላይ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በጥሬ ዕቃ ሻጭና በፋብሪካ ዕቃ ሻጭ ሀገሮች መካከል ያለው ልውውጥ በረጅም ጊዜ ጥሬ ዕቃ ሻጩን እንደሚጐዳ በሰፊው መከራከር የጀመሩት፣ ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር በ1942 ዓ.ም. ግድም ጥናታቸውን ካወጡ በኋላ ነው። ይህም የገብረ ሕይወት መጽሐፍ ከታተመ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ብቻ በመጻፉ ለብዙ ዘመን ከሀገር ውጭ ሳይታወቅ ቆየ፤ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ የታተመው በ1987 ዓ.ም. ነው። በሀገር ውስጥም ቢሆን ከመሐንዲሱ ይልቅ የታሪክ ተማሪው ያነበበው መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት መሪዎች መንገድን ከመፈለግ አልቦዘኑም። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከዓለም ባንክ ገንዘብ ስትበደር፣ የመጀመሪያው ጥያቄዋ ለአውራ ጎዳና ነበር። ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተፈቀደ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመንገድ ሥራ ከግዴታ ጉልበት ወጥቶ በሙያ የሚመራ የመንግሥት ሥራ የሆነው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ቃሊቲና አቃቂ እንደ መመርመሪያ ስፍራ

የነጋድራሱን አሳብ በመሬት ላይ ለመፈተን ከፈለገ ሰው ከቃሊቲና ከአቃቂ የተሻለ ስፍራ አያገኝም። አካባቢው ሐዲድ ካለፈበት በኋላ የሆነውን በግልጽ ያሳያል። በመጀመሪያ ጣቢያው ዕቃ የሚወርድበት ስፍራ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ተከትለው ፋብሪካዎች ተተከሉ። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሀገር ጥጥ ፈትሎ ሸመነ፤ የቃሊቲ የምግብ ፋብሪካ የሀገር ስንዴ ወደ ብስኩትና ፓስታ ለወጠ፤ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። በደርግ ዘመንም በአቃቂ የመለዋወጫ ዕቃና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ተሠራ። በአንድ ወቅት አቡጀዲድ ብቻ ያልፍበት የነበረው ሐዲድ፣ በአጠገቡ ጨርቅ የሚሠራ ሠራተኛ አየ። ገብረ ሕይወት የመኙት ይህን ነበር።

ታሪኩ ግን በቀጥታ ወደ ፊት አልሄደም። አሮጌው ሐዲድ በጥገና ማጣት እየደከመ ሄዶ፣ ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው አገልግሎት ቆመ። ጣቢያዎቹም ጸጥ አሉ። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የሀገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል በመሆኑ፣ ያ ሁሉ ጭነት በከባድ መኪና ላይ ወደቀ። የቃሊቲ ጉምሩክ ስም በነጋዴው ሁሉ አፍ የታወቀው በዚህ ዘመን ነው።

ከዚያም ትላልቅ ሥራዎች ተከታትለው መጡ። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ የሚደርሰው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የከተማው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከሁለቱ መስመሮቹ አንዱ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የጭነት ጣቢያውም በእንዶዴ፣ ከአቃቂ ብዙ ሳይርቅ ተሠራ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ የከተማ ዳርቻ ይህን ያህል የመንገድና የባቡር ሥራ ሲያይ በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ጊዜ አልሆነም።

እዚህ ላይ የነጋድራሱ ጥያቄ እንደገና ይነሣል። 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ቀላል ባቡር ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃና በጥገና እጦት ቆሙ። ሐዲዱ አለ፤ ጣቢያው አለ፤ በየጠዋቱ ከቃሊቲ ወደ ሥራው ሊሄድ የሚሰለፈው ሕዝብም አለ፤ የጐደለው የተበላሸውን የሚተካው ዕቃና እርሱን የሚሠራው እጅ ነው። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ የመለዋወጫ ዕቃ ፋብሪካ ግን በዚያው ክፍለ ከተማ ቆሞ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ሲለካ አጭር ነው፤ በዕውቀትና በአሠራር ሲለካ ረጅም ነው። በሌላ በኩል አዲሱን የጅቡቲ ባቡር ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት የቻይና ኩባንያዎች ሲያስተዳድሩ ቆይተው፣ በ2016 ዓ.ም. አስተዳደሩ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። በ1909 ዓ.ም. በሐዲዱ ላይ ቆፋሪና ጥበቃ ብቻ የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ ነጂና አስተዳዳሪ ሆኗል። ይህ ገብረ ሕይወት ሊያዩት የሚገባ ነገር ነበር።

የሒሳቡ ሁለተኛ ወገንም አልተዘጋም። ወደ ወደብ የሚወርደው ባቡርና መኪና ዛሬም በአብዛኛው ቡና፣ ቅባት እህል፣ ጥራጥሬና የቁም ከብት ይጭናል፤ ከወደብ የሚመለሰው ማሽን፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና የፋብሪካ ዕቃ ይጭናል። የሚመለሰው ጭነት ከሚሄደው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ወደ ወደብ የሚወርደው ፉርጎ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሄዳል። ለትራንስፖርት ባለሙያ ባዶ ፉርጎ የኪሳራ ምልክት ነው፤ ለነጋድራስ ገብረ ሕይወት ደግሞ ያልተሠራ ሥራ፣ ያልተማረ እጅ ምልክት በሆነ ነበር።

ለሙያው የተረፈ ትምህርት

የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወት አጭር ነበረ። የሠሩት ድልድይ የለም፤ ያስጠረጉት አውራ ጎዳናም በስማቸው አልተጠራም። ለመንገድ ሙያ የተዉት ቅርስ የአመዛዘን ዘዴ ነው። አንድ መንገድ ሲታቀድ የሚጠየቀው ስፋቱና ርዝመቱ፣ ድንጋዩና አስፋልቱ፣ ወጪውና ብድሩ ብቻ ከሆነ፣ ሒሳቡ ግማሹ ቀርቷል። ቀሪው ግማሽ በመንገዱ ዳር ያለው ሰው የሚጭነው ምን አለው፣ ማመላለሻው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ ትርፉ የት ይቀራል የሚለው ነው። የመንገድ ግንባታ የሚጠይቁ የየአካባቢው አስተዳዳሪዎችና የሚያጸድቁላቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን ጥያቄ አስቀድመው ቢያነሡ፣ ከመንገዱ ጐን ለጐን የጥገና ትምህርት ቤት፣ የመለዋወጫ ሥራ ቤትና መጋቢ ጥርጊያ በአንድ በጀት ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል።

ቃሊቲ ከጥንት ጀምሮ በር ናት፤ የበር ጥቅሙ ደግሞ በሚገባውና በሚወጣው ይለካል። ነጋድራሱ በድሬዳዋ ጉምሩክ ተቀምጠው የጀመሩት ቈጠራ ወደ አዲስ አበባ በር ተዛውሮ፣ በእንዶዴ ጣቢያና በቃሊቲ ጉምሩክ መጋዘን ዛሬም ይቀጥላል። ቈጣሪዎቹም አሁን የሙያው ባልደረቦች ናቸው።